የብስኩት ቆርቆሮ

የብስኩቱን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥሁት፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዝርዝር በድፍን ያጨቅሁት።
ክዳኑ ላይ በቤንቶ እጅ፣ ገና ፊደል በቅጡ ሳይለይ፣
«ደሴት» ይላል፤ አንዷ ፊደል እግሯን ሰቅላ ወደ ላይ።

ያኔ ሰባት ዓመቱ ነው። ማፋልዳ አምስት ደፍናለች።
«ፕሪንሲፔ» አልኋቸው፣ ስሙን ከአንድ መርከበኛ ሰምቼ፣
ከመርከብ ሆድ ሥር ስበይድ፣ በጀርባዬ ተኝቼ።
«ጦጣ አለ?» አለች ትንሿ።
«ሞልቷል» አልሁ። ሳላጣራ።

ዛሬ ደግሞ ዝርዝር ይዤ ቀረብሁ፣ በእርሳስ የጻፍሁት ሌሊት፦
ባልዲ ሁለት፣ አካፋ ሁለት፣ የፀሐይ ቅባት፣ የወባ ክኒን፣
አንድ ክፍል ከአራት አልጋ፣ ርካሹን።

ቤንቶ ወረቀቱን ሳበ፤ አነበበ ጢሙን እያሻሸ፤
(ጢሙ መቼ ነው የበቀለ? ቀኑ መቼ ነው የመሸ?)
«ባልዲው ለማን ነው፣ አባ?» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ሳይስቅ፤
ቢስቅብኝ ይሻል ነበር፣ አለመሳቁ ነው የሚያሳቅቅ።

ማፋልዳ ቱግ አለች፦
«አንድ ክፍል? ከዚህ ጋራ? ሌሊቱን ሙሉ ሲጎተት መጋዝ!
የራሴ በር ይኑረኝ፣ ከውስጥ በቁልፍ የሚያዝ።»

ደግሞ ወሩ አጣላን። የልጅቷ ልብ ከኤሊዋ ነው፣
በታኅሣሥ ጨለማ ወጥታ እንቁላል ከምትቀብረው።
ቤንቶ በታኅሣሥ አይችልም፤ የገና እሽግ ይለያል፣
የፖስታው መጋዘን ለሌሊት እጥፍ ይከፍላል።
የኔ ፈቃድ ነሐሴ ነው፣ መርከብ መሥሪያው ሲዘጋ፤
የኦዴት ወር የትም ይሁን፣ ብቻ ይውረድ የቲኬት ዋጋ።

አራት ሰው፣ አራት ጥግ። ውጭ የሴቱባል ዝናብ።
ቆርቆሮው መሐላችን አፉን ከፍቶ።
አሰብሁ፦ ገንዘቡን ስቆጥብ፣ ስሰስት፣ ክዳን ስከድን፣
ለካስ ልጅነቱ ነበር በሌላ ቀዳዳ የሚያፈስብን።

ማፋልዳ የዝርዝሩን ግርጌ በጥፍሯ ነካች።
«ይሄስ? ‹አንድ የሕይወት አድን ጃኬት፣ ትልቁን ቁጥር›።
ለማን ነው?»

ድምፄን ከጉሮሮዬ ፈልጌ አጣሁት።
ሠላሳ ዓመት መርከብ በይጄ፣ ስንቱን ወደ ባሕር ሸኝቼ፣
እኔ ውኃን ከጉልበት በላይ አላውቀውም ከቶ ገብቼ።
በጋ በመጣ ቁጥር ዳርቻው ላይ «እናንተ ዋኙ» እላለሁ፣
«ልብስ የሚጠብቅ ያስፈልጋል»፤
ስንት በጋ ጠበቅሁ፣
ሌባ ዞር ብሎ የማያየውን ያረጀ ፎጣ።

ኦዴት ካውያዋን አቆመች። ታውቅ ነበር፣ ዝም ብላ ኖራ።
ቤንቶ ሳቀ፣ አሁን ሳቀ! ወንበሩ እስኪንቋቋ ድረስ።
ማፋልዳ ግን አልሳቀችም፤ እርሳሴን ከእጄ ነጠቀች፣
«ባልዲ» የሚለውን ሰርዛ፣
«ማክሰኞ፣ ገንዳ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት» ብላ ጻፈች።

ማክሰኞ። የማዘጋጃ ቤቱ ገንዳ። ክሎሪኑ ዓይን ያቃጥላል፣
ከጎኔ አንድ ሕፃን እንደ ዳክዬ ይንሳፈፋል።
መዳፏ ከጀርባዬ ሥር። «ልቀቀው፣ አባ፣ አንገትህን፤
ውኃው አይጣላህም፣ ብቻ ስጠው ክብደትህን።»

እኔ ነበርሁ የብስክሌቷን ኮርቻ ይዤ የሮጥሁት፣
«ይዤሻለሁ፣ ይዤሻለሁ» እያልሁ የለቀቅሁት።
«ይዤሃለሁ» አለች።
ጣሪያው ላይ የተሰነጠቀ መብራት አየሁ፣
ጆሮዬ ውስጥ ውኃ ገባ፣ ዓለም ጸጥ አለ።
ይዛኝ ይሁን ለቃኝ፣ እስካሁን አልነገረችኝም።

ቲኬቱ ገና አልተገዛም፣ ወሮቹም አልታረቁም፤
የክፍሉም ነገር እንዳለ ነው፣ ሁለት በር፣ አራት አልጋ።
ቆርቆሮውን ልከድን ብዬ ዛሬ ጧት ገና ሳይነጋ
ዝርዝሩን አየሁት፣
በቤንቶ እጅ «አንድ ባልዲ»፣ ከሥሩ «ምናልባት» ታክሎ፤
አንዷን ፊደል ገልብጧታል፣
ሆን ብሎ።